ሁለት ሰፈር፣ ሠላሳ ዝሆን፦ ስለ ትሪሹር ፑራም የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ?

ኧረ ድምፃችሁ ደከም ብሏል። እስቲ እንደገና፤ እንደምን አመሻችሁ? ... አዎ፣ አሁን ገና ሰው እንዳለ ታወቀኝ።

ታላላቆቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ በዚህ ታክሲ በሚጠፋበት ሰዓት ተሰልፋችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ «ስለ ህንድ አንድ ነገር አውራን» ብለውኝ ነበር። ህንድ ደግሞ በአንድ ምሽት ወሬ አታልቅም። ስለዚህ አንድ ከተማ መረጥኩ፤ ከከተማዋም አንድ ቀን። ከተማዋ ትሪሹር ትባላለች፤ በደቡብ ህንድ፣ በኬራላ ግዛት ነው ያለችው። ቀኑ የፑራም ቀን ነው። በዓመት አንዴ፣ በኛ ሚያዝያ ገደማ፣ ጨረቃ ፑራም ከሚባለው ኮከብ ጋር ስትገናኝ የሚከበር የሂንዱ ቤተ መቅደሶች በዓል ነው። እኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት እዚያ ስለሆነ የማወራችሁ ግማሹ ያየሁት፣ ግማሹ የሰማሁት ነው።

ኬራላ ሩቅ ይመስላችኋል? እስቲ ሂሳብ ወይ ፊዚክስ በህንድ መምህር የተማረ እጁን ያውጣ። ... አያችሁ! ጋሼ፣ እርስዎ ሁለቱንም እጅ ነው ያወጡት። ከነዚያ መምህራን ብዙዎቹ የኬራላ ሰዎች ነበሩ። አንዱን በስም ላንሳ። ፖል ቨርጊስ እ.ኤ.አ. በ1947 መምህር ሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ቆይተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘንድ በረዳትነት አገለገሉ። ኋላ በአገራቸው ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነው ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተባሉ። የተወለዱት ትሪፑኒቱራ በምትባል ከተማ ነው። ትሪፑኒቱራ ኮቺ የተባለው የድሮ ግዛት ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ዛሬ የማነሳው ንጉሥም ከዚያው ቤት የወጣ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ብዙ ሰው ስለ ፑራም ሲጽፍ ቀለሙንና ዝሆኑን ይደረድራል። እኔ አንድ ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። ይህን በዓል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ያቆየው እልህ ነው። ጸሎቱ አለ፣ ሥርዓቱ አለ፤ ግን ከበሮውን ያጠነከረው፣ ጃንጥላውን ያሳመረው፣ ርችቱን ያገነነው ሰፈር ከሰፈር መፎካከሩ ነው። መጀመሪያ እንዴት እንደተጀመረ እነግራችኋለሁ። ቀጥዬ ስለ ከበሮው፣ ከዚያ ስለ ጃንጥላው። መጨረሻ ላይ ዝሆኖቹ ጋ እመጣለሁ፤ እዚያ ላይ ሳንጨቃጨቅ አንለያይም።

አነሳሱ ራሱ ከእልህ ነው።

ከትሪሹር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ወንዝ ዳር፣ አራቱፑዛ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ከትሪሹሩ በጣም የሚቀድም ፑራም ይከበራል። የየአካባቢው ቤተ መቅደሶች አማልክታቸውን በዝሆን ጭነው እዚያ ይሰበሰባሉ። የትሪሹር ቤተ መቅደሶችም በየዓመቱ ይሄዱ ነበር። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1796 ዝናብ ያዛቸውና አርፍደው ደረሱ። «አርፍዳችኋል፣ አትገቡም» ተባሉ። እስቲ አስቡት! ዝሆን ሸልሞ፣ ከበሮ ተሸክሞ፣ በጭቃ ሲጓዝ ውሎ የመጣን ሰው ከበር መመለስ!

ተናደዱ። ተመልሰው ለንጉሡ ከሰሱ። ንጉሡ ሻክታን ታምፑራን ይባላል፤ ኮቺን እ.ኤ.አ. ከ1790 እስከ 1805 የገዛ ኃይለኛ ሰው ነው። «ሂዱና ይቅርታ ጠይቁ» አላለም። «አማላጅ ላኩ» አላለም። «እንግዲያው የራሳችንን ፑራም እዚሁ እናደርጋለን» አለ። በከተማዋ መሃል ቫዳኩናታን የሚባል፣ ሺቫ ለተባለው የሂንዱ አምላክ የቆመ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ አለ፤ በዙሪያው ያሉትን ቤተ መቅደሶች እዚያ ሰበሰበና በሁለት ወገን ከፈላቸው። አንደኛው ፓራሜካቩ፣ ሁለተኛው ቲሩቫምባዲ። ሌሎቹን ስምንት ትናንሽ ቤተ መቅደሶችም በየሰዓታቸው እንዲመጡ አደረገ። በሌላ አነጋገር አንድ ትልቅ ጠብን ወደ ከተማው አስገብቶ ደንብ ሰጠው።

የዚህን ሰው ኃይለኝነት እንድታዩት አንድ ነገር ልጨምር። ቤተ መቅደሱ የቆመበት ሜዳ ቴኪንካዱ ይባላል፤ ዛሬ 65 ኤከር ገደማ ነው። ድሮ ጥቅጥቅ ያለ የቲክ ደን ነበር። ንጉሡ ደኑን አስመነጠረ። የፓራሜካቩ ቤተ መቅደስ ራእይ ተናጋሪ «ይህ የሺቫ ፀጉር ነው፣ አይነካም» ብሎ ተቃወመ ይባላል፤ በያዘው ሰይፍም የራሱን ግንባር መታ። ንጉሡ ደግሞ ራሱ ሰይፍ አንስቶ አንገቱን ቀላው ይላሉ። እንግዲህ አፈ ታሪክ ነው። ግን ሰዉ እስከ ዛሬ ሲተርከው ግማሹ እያደነቀ፣ ግማሹ እየዘገነነው ነው። ይኸው ንጉሥ 52 የክርስቲያን ቤተሰቦችን አምጥቶ ለንግድ በከተማው አስፍሯል። ስለዚህ ትሪሹር ውስጥ ከትልቁ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ትንሽ ራመድ ሲሉ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ለበዓሉ በየመንገዱ የሚቆሙትን ፓንዳል የሚባሉ ከፍተኛ የጌጥ ማማዎች ከሚሠሩት ውስጥ ክርስቲያኖች አሉ። ርችት ከሚሠሩትም እንዲሁ።

አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የበዓሉ አስተናጋጅ ሺቫ ነው፤ እንግዶቹ ግን ሌሎቹ አማልክት ናቸው። የቫዳኩናታን ቤተ መቅደስ ራሱ ለፑራም የሚያወጣው ዝሆን፣ የሚሰጠው ድግስ የለም። ሌሎች መጥተው ደጁን ያሞቁለታል፣ ይሄዳሉ። እሱ ውስጥ ነው ያለው፤ ያውም በቅቤ ተሸፍኖ! አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ለዘመናት በየቀኑ የሚፈስለት ንጥር ቅቤ ተከምሮ ኮረብታ ሆኗል፤ በዚያ ሙቀት አይቀልጥም ይላሉ። እኔ አላየሁትም። ሂንዱ ያልሆነ ሰው አይገባም የሚል ጽሑፍ በሩ ላይ አለ።

ወደ ሁለቱ ሰፈሮች ልመለስ። የተከራየሁበት ቤት አባወራ ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ የቲሩቫምባዲ ወገን ናቸው። ሚስታቸውን ቼቺ ነበር የምላቸው፤ እዚያ ታላቅ እህት እንደዚያ ነው የምትጠራው። ቼቺ ደግሞ የፓራሜካቩ ሰፈር ልጅ ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ስምም ያሉ ባልና ሚስት! ሰንደቅ ከተተከለ በኋላ ግን ያቺን ሳምንት እንደ ቡናና ጊዮርጊስ ነው የሚሆኑት። ምግብ ሲቀርብ እንኳ ነገር ይወራወራሉ። «ዘንድሮ ጃንጥላችሁ ስንት ነው?» ይላሉ እሳቸው። «ሲከፈት ታየዋለህ» ይላሉ ቼቺ። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ሩዜን እበላለሁ። ጠይቀውኝ ያውቃሉ፣ «አንተ የማን ነህ?» ብለው። ኪራይ የምከፍለው ለሁለቱም ስለሆነ ምን ልበል?

ሰንደቁ የሚተከለው ከበዓሉ ሰባት ቀን አስቀድሞ ነው። ምሰሶው ፉፈል የሚባል የዘንባባ ዓይነት ዛፍ ቀጥ ያለ ግንድ ነው። ካህናት የሚያደርጉትን ካደረጉ በኋላ ምሰሶውን አንስቶ የሚያቆመው የሰፈሩ ሰው ነው፤ እየጮኸ፣ እየተጋፋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማው ሥራ አይሠራም ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን ቢሮ ሄዳችሁ ጉዳይ አስጨርሳለሁ ብትሉ «ከፑራም በኋላ» ነው መልሱ። ይህችን መልስ እናውቃታለን፣ አይደል?

አሁን ወደ ዋናው ቀን። ጠዋት ሳይነጋ መጀመሪያ የሚመጣው ካኒማንጋላም ሻስታ ነው፤ ከስምንቱ ትናንሽ ቤተ መቅደሶች የአንዱ አምላክ። ፀሐይም ዝናብም ሳያገኘው ቶሎ መጥቶ ቶሎ መመለስ አለበት ይላሉ። ከዚያ ሌሎቹ ተራ በተራ፣ እያንዳንዱ በየዝሆኑ፣ በየከበሮው ይመጣሉ። ረፋዱ ላይ የቲሩቫምባዲ ሰልፍ ይነሳል። ፓንቻቫድያም የሚባለው ቅንብር ያኔ ነው የሚሰማው፤ አምስት ዓይነት መሣሪያ ነው፦ ሦስት ዓይነት ከበሮ፣ የነሐስ ሳህን፣ እና ኮምቡ የሚሉት እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ረጅም መለከት። ጥሩ ነው፤ በጣም ጥሩ ነው። ግን እኔ ልቤ ያለው ከሰዓቱ ላይ ነው። ስለዚህ ይቅርታ፣ እዘለዋለሁ።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በቤተ መቅደሱ ቅጥር ውስጥ፣ ኢላንጂ ከሚባል ዛፍ ሥር የፓራሜካቩ ከበሮ መቺዎች ይሰበሰባሉ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው ነው። ሁሉም ከወገብ በላይ ራቁት፣ ከወገብ በታች ነጭ ሽርጥ። ዋናው ከበሮ ቼንዳ ይባላል። ከትከሻ ላይ ይንጠለጠላል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከላይ በበትር ይመታል። ፊት ረድፍ ያሉት ናቸው የሚጫወቱት። ኋላ ያሉት ምቱን ይጠብቃሉ። ከፊት ለፊታቸው ዋሽንት መሳይ ቀጭን ነፋሽ የያዙ ይቆማሉ፣ ከነሱ ኋላ መለከቶቹ። ማይክራፎን የለም። ኖታ የለም። መሪው ራሱ ከበሮ ተሸክሞ መሃል ላይ ቆሞ እየመታ ነው የሚመራው፤ በዓይኑ፣ በቅንድቡ፣ በትከሻው።

አሁን እጃችሁን አዘጋጁ። ፓንዲ ሜላም የሚባለው ስልት የተሠራው በሰባት ምት ላይ ነው። ሲጀምር ግን ሰባቱ ተለጥጦ 56 ይሆናል። በጣም ቀርፋፋ ነው። አዲስ ሰው «መቼ ነው የሚጀምረው?» ይላል፤ ጀምሯል እኮ! ከዚያ 28 ይሆናል። ከዚያ 14። መጨረሻ 7። በእያንዳንዱ ደረጃ ዙሩ በግማሽ እያጠረ፣ ምቱ እየጠበቀ ይመጣል። እስቲ አብረን፤ ቀስ ብላችሁ አጨብጭቡ፣ እኔ እቆጥራለሁ። አንድ... ሁለት... ሦስት... አሁን እጥፍ ፍጥነት... አሁንም እጥፍ!

[ጭብጨባ፣ ሳቅ]

እሺ፣ እሺ! ሦስት እጥፍ ሳንሞላ ተበታተንን። እነሱ ከሁለት ሰዓት በላይ አይበታተኑም። ሕዝቡ ደግሞ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ከምቱ ጋር ያወዛውዛል። ሲጀመር እጁ ደረቱ ጋ ነው። ሲያልቅ አንድም የታች እጅ የለም፤ ሽማግሌው ሳይቀር በእግሩ ጣት ቆሟል።

እኔ ይህን የሰማሁት ከቅጥሩ ውጭ ሆኜ ነው። ግንብ ተደግፌ። የሚገርማችሁ፣ ግንቡ ይንቀጠቀጣል። ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል። ጎኔ አንድ የሻይ ነጋዴ ነበር፤ የብርጭቆዎቹ ማስቀመጫ በምቱ ልክ ይንኳኳል። ሰውየው ሻይ እየቀዳ ጣቱን ይቆጥራል። «አሁን ይለወጣል» ይለኛል፤ እውነትም ይለወጣል። ሙዚቀኛ አይደለም። ግን ያውቃል። እዚያ ከተማ የከበሮ ስህተት በሕዝብ ፊት አያልፍም፤ ለዚህ ነው መቺዎቹ ልጅ ሆነው ለዓመታት ድንጋይ ላይ በበትር እየመቱ የሚለማመዱት። ቆዳ ላይ ከመድረሳቸው በፊት ድንጋይ!

ፉክክሩ እዚህም አለ። ፔሩቫናም ኩታን ማራር የሚባሉ ታላቅ ባለሙያ ይህን የፓራሜካቩ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ መርተዋል። በ2023 ቦታውን የያዙት ኪዛኩት አኒያን ማራር ናቸው። እሳቸው ደግሞ ቀደም ሲል ለቲሩቫምባዲ ወገን ሲመሩ የነበሩ ናቸው። ቤት አከራዬ በስልክ ሲነግሩኝ የልጃቸውን መጥፋት የሚያረዱኝ ነበር የመሰሉት። ቼቺ ከኋላ ሲስቁ ይሰማኛል።

ከበሮው ሲያበቃ ሕዝቡ በደቡቡ በር ወደ ሜዳው ይፈሳል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ኩዳማታም ይጀመራል፤ የጃንጥላ ልውውጥ።

አስራ አምስት ዝሆን በአንድ ረድፍ። ከፊቱ፣ ሕዝቡን መሃል አድርጎ፣ አስራ አምስት ዝሆን በሌላ ረድፍ። በእያንዳንዱ ግንባር ላይ ኔቲፓታም የሚባል ጌጥ አለ፤ ጨርቅ ላይ የተሰፋ፣ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ፣ ከግንባሩ እስከ ኩምቢው ወገብ የሚወርድ። ጀርባው ላይ ሰዎች አሉ። አንዱ ጃንጥላ ይይዛል። ከኋላው የቆሙት ከጣዎስ ላባ የተሠራ ክብ ማራገቢያና ነጭ ጭራ ይዘው በምቱ ልክ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። የመሃሉ ዝሆን የወገኑን አምላክ ምስል ይሸከማል።

እንግዲህ ፓራሜካቩ ቀይ ሐር ጃንጥላ ይዞ ቆሟል እንበል። ድንገት፣ በአንድ ምት፣ አስራ አምስቱም ይወርዳሉ፤ አስራ አምስት አረንጓዴ ይወጣል። ሕዝቡ ይጮኻል። ሁሉም ፊቱን ወደ ማዶ ያዞራል፦ እናንተስ? ቲሩቫምባዲ ወርቃማ ያወጣል። ጩኸት! ፓራሜካቩ ሁለት ድርብ ያወጣል። ቲሩቫምባዲ ሦስት ድርብ። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ወገን እስከ ሃምሳ ዓይነት ይለዋውጣል። በሰላም፣ ያለ አንድ ክፉ ቃል፣ በጃንጥላ መሰዳደብ ማለት ይህ ነው። በቅርብ ዓመታት መብራት የተገጠመላቸው፣ የአማልክት ቅርፅ ያላቸው መጥተዋል። በ2023 ደግሞ ቲሩቫምባዲ ማንን ቢያወጣ ጥሩ ነው? ሊዮኔል ሜሲን! የዓለም ዋንጫ ይዞ! ኬራላ ውስጥ የአርጀንቲና ደጋፊ ብዛት ለጉድ ነው። አንዳንድ አዛውንት ግን አልወደዱትም። እኔም ለነገሩ ሐሩን ነው የምመርጠው።

ጃንጥላው የት እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? በሚስጥር። የየወገኑ ሰፊዎች ቤት ዘግተው ነው የሚሠሩት። ቼቺ አንድ ዘመድ ነበራቸው፣ ሰፊ። ለምኜ ለምኜ ይዘውኝ ሄዱ፤ ካሜራዬን በር ላይ ተቀበሉኝ። አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር ማራገቢያ አለ፤ ግን ጠፍቷል፤ ክሩን ስለሚያባርር። ሰዎቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ላባቸው ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ አንገታቸው ላይ ፎጣ ጣል አድርገዋል። አንዱ የጃንጥላውን ከንፈር ይሰፋል። በጠርዙ ዙሪያ ትናንሽ ብርማ ፍሬዎች በክር ይንጠለጠላሉ፤ ዝሆኑ ሲተነፍስ እንኳ እንዲንቀጠቀጡ። እያንዳንዷን ፍሬ በጥፍሩ ይመታታል፣ ካልተወዛወዘች ፈትቶ እንደገና ይሰፋታል። «ከታች ማን ያየዋል?» አልኩት በተርጓሚ። ቀና ሳይል «የማዶዎቹ» አለኝ።

ያ መልስ ነው ዛሬ እዚህ ያቆመኝ። ዳኛ የለም። ዋንጫ የለም። ማን አሸነፈ ተብሎ አይታወጅም። ያው የማዶው ዓይን ነው።

ስለ ርችቱ በአጭሩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው የሚተኮሰው፣ እሱም በሁለት ወገን፣ በየተራ። ደረትን የሚመታ ነገር ነው። ውበቱ አይካድም። ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 2016 በዚያው ኬራላ፣ ኮላም አጠገብ፣ ፑቲንጋል በተባለ ሌላ ቤተ መቅደስ የርችት ፉክክር ሲደረግ ክምችቱ ፈነዳ። ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠብቋል፤ በየዓመቱም በፖሊስና በኮሚቴዎቹ መካከል ክርክር አለ። በ2024 ከፖሊስ ጋር በተነሳ ውዝግብ የትሪሹሩ ርችት ዘግይቶ ነግቶ ነው የተተኮሰው። ጠዋት ላይ ርችት! ሰዉ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። እልህ ከደንቡ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ፑቲንጋል በቂ ነው።

በዓሉ የተቋረጠበት ጊዜም አለ። በ2020 በኮሮና ምክንያት ሥርዓቱ ውስጥ ብቻ ተደርጎ ቀረ። በ2021 ያለ ሕዝብ ተደረገ። በዚያ ሌሊት የቲሩቫምባዲ ሰልፍ ሲያልፍ የዋርካ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሁለት ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ቆሰሉ። ሁለቱም ወገኖች የቀረውን አሳጥረው ጨረሱ።

አሁን ዝሆኖቹ። ከኋላ ያለሽው እህቴ ገና ስጀምር እጅሽን አውጥተሽ ነበር፤ ጥያቄሽ ምን እንደሆነ ገምቻለሁ።

በኬራላ ዝሆን በስሙ ይጠራል። ደጋፊ አለው፣ ፖስተር አለው። ቴቺኮቱካቩ ራማቻንድራን የሚባል አንድ ግዙፍ ዝሆን አለ። በበዓሉ ዋዜማ የደቡቡን በር ገፍቶ ከፍቶ ሲወጣ ለማየት ብቻ ሕዝብ ይጎርፍ ነበር። ይኸው ዝሆን አንድ ዓይኑ አያይም። በሕይወቱ ከአስር በላይ ሰው ገድሏል። በ2019 መጀመሪያ ጉሩቫዩር ውስጥ ሁለት ሰው ከገደለ በኋላ ታገደ። ደጋፊዎቹ ጮኹ። በመጨረሻ የወረዳው አስተዳደር ለአንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደለት፤ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ተመለሰ። ይህን ስሰማ «ጥፋቱ የማን ነው?» አልኩ። የዝሆኑ ነው? ዝሆን ራሱ ፈቅዶ ሰው መሃል አይቆምም።

በፑራሙ ቀን ጠዋት ዝሆኖቹ የሚያርፉበት ጋ ሄጄ አይቻለሁ። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ነው። ጠባቂዎቹ በቱቦ ውሃ ያፈሱባቸዋል፣ ሐብሐብ ያጎርሷቸዋል፣ አስፋልቱ እግራቸውን እንዳያቃጥል እርጥብ ጆንያ ያነጥፉላቸዋል። አንዱ ጠባቂ የዝሆኑን ጆሮ ጀርባ እያከከ ያወራዋል፤ ልጅ እንደሚያባብል። ፍቅር አለ፣ አልክድም። እዚያው ግን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሰንሰለት አለ፣ ሰንሰለቱ ሥር ቆዳው ቀለሙን ለውጧል። ሁለቱንም ነው ያየሁት።

የኬራላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ጠበቅ ያለ ትእዛዝ አወጣ። አንዱ ነጥብ በሁለት ዝሆን መካከል ቢያንስ ሦስት ሜትር ይኑር የሚል ነበር። እስቲ አስሉት፤ አስራ አምስት ዝሆን፣ በየመሃሉ ሦስት ሦስት ሜትር፣ ደቡቡ በር ፊት ይበቃል? አይበቃም። ኮሚቴዎቹ «ፑራም አበቃለት» አሉ። በወሩ የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዙን አገደው። ከዚያ አስቀድሞ፣ በ2023፣ እዚያው ትሪሹር ወረዳ ያለ አንድ ትንሽ ቤተ መቅደስ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር፤ ኢሪንጃዳፒሊ የሽሪ ክሪሽና ቤተ መቅደስ። በሕይወት ያለ ዝሆን አንጠቀምም ብሎ የሞተር ዝሆን አስገባ። 11 ጫማ ይረዝማል፣ 800 ኪሎ ይመዝናል፣ ጆሮውን ያወዛውዛል፣ አይኑን ያርገበግባል። ለእንስሳት መብት የሚሟገተው ፔታ ኢንዲያ ነው የሰጠው።

የኔን አቋም ትጠይቁኝ ይሆናል። እኔ ከበሮው ይቆይ ባይ ነኝ። ጃንጥላው ይቆይ። ርችቱ ይቀነስ። ዝሆኑ ይቅር። ይህን ለቼቺ ስነግራቸው አልተቆጡም። «ጃንጥላውን ታዲያ ምን ላይ አቆመዋለሁ?» አሉኝ። «የሞተር ዝሆን ላይ» አልኳቸው። «ቲሩቫምባዲ መጀመሪያ ያምጣ፣ ከዚያ እኛ የበለጠውን እናመጣለን» አሉ። ባላቸው ከጓዳ «እናንተ ጀምሩ!» ብለው ጮኹ። እንግዲህ ለውጥም ቢመጣ በየት በኩል እንደሚመጣ አያችሁ። ወዳጆቼ፣ ሕግ ያላመጣውን እልህ ያመጣው ይሆናል። እናንተ ከዚህ ብትለዩ ጥያቄ ጊዜ ላይ ተሟገቱኝ።

ልጨርስ ነው። ሰዓት እያየሁ ነው፤ አዘጋጇም እያየችኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ሌላ ፑራም አለ፤ ለከተማው ሰው የተተወ። ትናንት ሲያስተናግድ፣ ሲሰፋ፣ ሲያበስል ሳያይ የቀረው የቤት ሰው ዛሬ ወጥቶ ያያል። ቼቺ የሚሄዱት በዚህኛው ነው። እኩለ ቀን ገደማ ሁለቱ ዋና ዝሆኖች ከቤተ መቅደሱ ፊት ይገናኛሉ። ጀርባቸው ላይ ሁለቱ አማልክት አሉ። ዝሆኖቹ ኩምቢያቸውን ያነሳሉ፤ ስንብት ነው። ያኔ የሚቀጥለው ዓመት ፑራም ቀን ይነገራል። ሁለቱም ሰፈር ቀኑን ይዞ ወደየቤቱ ይሄዳል።

እናመሰግናለን። ሻይና ቡና ጀርባ ላይ አለ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፤ እህቴ፣ አንቺ ቅደሚ።